ከቆራሌ ጆንያ የወጣ መልሕቅ

የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ግሩፓችን ሰሞኑን በአንድ ጥያቄ ሲንጫጫ ነው የከረመው። መልሶቹ ከ30 አልፈዋል። ማሸብለል ለሚሰለቸው ሰው ብዬ ከላይ እስከ ታች ያለውን እዚህ እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ ማን ምን እንዳለ ብቻ ነው የያዝኩት። በመሃል ጣልቃ የምገባበት ቦታ አለ፤ ቻሉኝ።

ጥያቄውን የለጠፈው ዓለም ገና የሚኖር ልጅ ነው። ቆራሌ በሰፈሩ ሲያልፍ ጆንያው ውስጥ የኩኪስ ቆርቆሮ ያያል። ያስከፍተዋል። ከዛገ መቀስና ከክር ማጠንጠኛ ሥር ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛው የኮፍያ ዓርማ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ መልሕቅ፣ ዙሪያውን የቅጠል ጉንጉን፣ ከላይ ዘውድ። ሁለተኛው የነሐስ የልብስ ቁልፍ ነው፤ እሱም መልሕቅና ዘውድ አለው። ሦስተኛው እጅጌ ላይ የሚሰፋ ምልክት ነው፤ ክንፉን የዘረጋ ንስር፣ ከሥሩ ወደ ታች የሾሉ ሦስት መስመሮች። ልጁ ሦስቱንም በ600 ብር ወሰዳቸው። ቆራሌው ታሪክም መርቆለታል፤ ዕቃዎቹ ምጽዋ ያገለገሉ የአንድ አድሚራል ናቸው፣ የጃንሆይ ጊዜ። የልጁ ጥያቄ እንግዲህ ይኸው ነበር፦ እውነት የአንድ ሰው ዕቃ ናቸው? የስንት ዓመተ ምሕረትስ ናቸው?

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነው። ሰላምታ ሰጠና የጀርባቸውን ፎቶ ጠየቀ። ፊት ለፊት ብቻ አይቶ ዘመን መናገር ግምት እንደሆነም አስረዳ። ልክ ነው። ፊቱን ማንም ፎርጅድ ሠሪ ይጠነቀቅለታል፤ ጀርባው ላይ ነው የሚሰንፈው።

2ኛው እንኳን ደስ አለህ ባይ ነው። የአድሚራል ዕቃ በ600 ብር መግዛት ሎተሪ መውጣት መሆኑን ጽፎ፣ ከፈለገ እሱ በ3000 ሊወስደው ፈቃደኛ መሆኑን ጨመረ። ቆራሌው እግረ መንገዱን የወረወረው ወሬ በሁለተኛው መልስ ላይ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ደላላ ቢኖርበት ኖሮ እስከ አምስተኛው ድረስ ልዑል ያደርገው ነበር።

3ኛው መልስ የጋሼ ነው። ጋሼ ቃሊቲ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል አገልግለዋል። እሳቸው ሲጽፉ ግሩፑ ጸጥ ይላል። ልጁን በትሕትና አረሙት። ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ዋናው ሠፈር ምጽዋ። ሲደራጅ የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዞችም አሠልጥነዋል። ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነበረች ናት፤ በድሮ ስሟ ኦርካ ትባላለች፣ ለእኛ የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። አድሚራል የሚለው ላይ ሲደርሱ ጋሼ ጠንከር አሉ። በዚያን ዘመን ይህን ማዕረግ የያዘ ሰው በጣት ይቆጠራል። ከፍተኛው የባሕር ኃይል ማዕረግ የጃንሆይ ራሳቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ልዑል እስክንድር ደስታ ሪር አድሚራል ነበሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ስለዚህ አድሚራል የሚባል ነገር በሰማ ቁጥር መጀመሪያ የትኛው አድሚራል ብሎ እንዲጠይቅ መከሩት።

4ኛው የሰበታ ሰው ነው፤ ስለ ቁልፍ ብቻ የሚጽፍ። የነሐሱን ፎቶ አጉልቶ አይቶት ዘውዱ የእኛ እንዳልሆነ ወዲያው ተናገረ። የእንግሊዝ ነው። ከዚያ ስለ እንግሊዝ ዘውድ ያስረዳው ነገር፣ ለእኔ፣ ከጠቅላላው ውይይት የሚጠቅመው ነው። የዘውዱን ቅስት ማየት ነው። ቅስቱ ወደ ላይ ክብ ሆኖ ከወጣ የንጉሥ ዘውድ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1952 ያገለገለው እሱ ነው። ቅስቱ መሃል ላይ ጎድጎድ ካለ የንግሥቲቱ ነው፤ ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1952 ወዲህ የመጣ። የልጁ ቁልፍ ቅስቱ ክብ ነው። ስለዚህ የእኛ ባሕር ኃይል ከመቋቋሙ በፊት የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጠ፤ ቻርልስ ከነገሠ በኋላ ከ2022 ጀምሮ ክቡ ቅስት ተመልሷል። ጀማሪ ሰው ትናንት የተሠራ ቁልፍ ይዞ የ1930ዎቹ ነው ሊል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ክብደት ነው። የድሮው ነሐስ እጅ ላይ ይከብዳል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ለወታደር ልብስ የመጡት ቀለም የተነከሩ የአሉሚኒየም ቁልፎች ደግሞ ቀላል ናቸው፤ መቼም አይጠቁሩም።

5ኛው ቡራዩ ነኝ የሚል፣ በየውይይቱ ገብቶ ሁሉንም ፎርጅድ የሚል ሰው ነው። ሦስቱም የመርካቶ ልብስ ሰፊ ሥራ መሆናቸውን በሁለት መስመር ፈረደ። ምክንያት አልሰጠም። ጥርጣሬ ጥሩ ነው፤ ያለ ምክንያት ሲሆን ግን ከቆራሌው ወሬ በምን ይሻላል?

6ኛው ላይ ልጁ ጀርባቸውን ፎቶ አንስቶ መጣ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ፎቶዎቹ ጥሩ ነበሩ። የኮፍያው ዓርማ ጀርባ በጥቁር ስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ አንድ ጥግ ላይ ተገንጥሎ ውስጡ ይታያል፤ መልሕቁን ከፍ ያደረገው ቢጫ ካርቶን ነው፣ ጠርዙ ተፈርፍሯል። የወርቀ ዘቦው ሽቦ ከፊት ብርማ ሆኗል፤ ከጀርባ የዞረበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ዝገት አለ። የመልሕቁ ቀለበት ላይ ሁለት ሦስት ጥቅል ተፈትቶ እንደ ጥቃቅን ስፕሪንግ ወጥቷል። ከታች በኩል በቀለም 54 ተብሎ ተጽፏል። ቁልፉ ጀርባው ላይ የሠሪው ስምና ለንደን የሚል አለ።

7ኛው መልስ ያን 54 ይዞ ሮጠ። በ1954 ባሕር ኃይሉ ገና አልተቋቋመም፤ ስለዚህ ዓርማው ፎርጅድ ነው አለ። 5ኛው ወዲያው ላይክ አደረገው።

8ኛው እንደ ቢላ ነው የመጣው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀ። አገር ውስጥ መጋዘን ያለ ጸሐፊ በቀለም ሲጽፍ በእኛው ዘመን ነው የሚጽፈው። የእኛ 1954 ደግሞ እ.ኤ.አ. 1961 እና 62 ነው፤ «ኢትዮጵያ» የመጣችበት ዓመት። 7ኛውን ከመጻፍ በፊት ማሰብ እንዲለምድ መከረው፤ መክሮ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰባት ዓመት ሲደመር ሲቀነስ ስንት ዕቃ ዋጋውን አጥቷል! እዚህ አገር የተገኘ ዕቃ ላይ ዓመት ካያችሁ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው ጠይቁ። ፋብሪካ ከሆነ የፈረንጅ፣ የጦር ክፍል ወይም ባለቤት ከሆነ የእኛ ነው።

8ኛው ግን ራሱ ትንሽ ፈጥኗል። 9ኛው፣ ጨዋ ሰው፣ 54 የግድ ዓመት እንዳልሆነ አስታወሰ። የመደርደሪያ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የኮፍያ ልክም በሴንቲ ሜትር 54 ይባላል፤ ነገር ግን ልክ የሚጻፈው ኮፍያው ገበር ላይ እንጂ ዓርማው ጀርባ ላይ አይደለም። ቁጥሩን ትተን ዘውዱን እንይ አለ። ባሕር ኃይሉ በእኛ 1947 አካባቢ ተቋቋመ፤ ዘውዱ መስከረም 2 ቀን 1967 ወረደ። ከዘውድ ጋር የተጠለፈ የእኛ መልሕቅ በነዚህ ሃያ ዓመታት መካከል ነው የሚያርፈው። ሃያ ዓመት ሰፊ ነው ትሉ ይሆናል። ለሰብሳቢ ግን እርግጠኛ ሃያ ዓመት ከተጠራጠረ አንድ ዓመት ይሻላል።

10ኛዋ ሱሉልታ የምትኖር እህታችን ናት። አባቷ የባሕር ኃይል ባለማዕረግ ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ የኮፍያቸውን የብረት ዓርማ ዘውድ በሞረድ ፍቀው እዚያው ኮፍያ ላይ መልሰው አደረጉት፤ አዲሱ እስኪታደል ጊዜ ወስዷልና። እናቷ ግን አላመኑም። ሌላውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩት። በኋላ ሲያወጡት ጨርቁ በስብሶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። የተፋቀው ዓርማ ዛሬም እሷ ዘንድ አለ። ከዚህ መልስ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ሰው ጨዋ ሆነ።

11ኛው ግን ሰብሳቢ ነውና ሰብሳቢያዊ ጥያቄ አነሣ። ዘውዱ የተፋቀ ዓርማ ከ1967 በኋላ ያለችውን አጭር የሽግግር ጊዜ ስለሚያሳይ በጣም ይፈለጋል። ስለሚፈለግም ሻጮች ዛሬ ሞረድ ይዘው ይፍቃሉ። እንዴት ይለያል? የተፋቀውን ቦታ ቀለም ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተፋቀ ነሐስ እንደ ቀረው አካል ጠቁሯል፤ የሞረዱ ጭረትም በመነካካት ለዝቧል። አዲስ ከሆነ ጭረቱ ውስጥ ቢጫው ያበራል፣ ጠርዙም ጣት ይይዛል። እህታችን አልተቀየመችም፤ ፎቶ ለጠፈች፤ የተፋቀው ቦታ ከመልሕቁ እኩል ቡናማ ነው። 11ኛውም አመሰገነ። እንዲህ ያለ ንግግር በግሩፓችን ብዙ አይታይም።

ከ12 እስከ 17 ያለውን በአንድ ትንፋሽ ልለፈው። 12ኛው የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ መልሕቅ ሲጨነቅ እንደሚያስቀው ጻፈ። 13ኛው ተሳደበ። 14ኛው ስለ አሰብ ረጅም ድርሰት አመጣ። 15ኛው ኮርያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ የአያቱን ፎቶ ለጠፈ፤ ደስ የሚል ፎቶ ነው፤ ከባሕር ኃይል ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። 16ኛው 12ኛውን ከየት እንደመጣ ጠየቀው። 17ኛው ጋሼ ናቸው። በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ የነበረውን፣ በ1983 የቀሩት መርከቦች ወደ የመን መሄዳቸውን በሦስት መስመር ጽፈው፣ ይህ የዕቃ ግሩፕ ስለሆነ ወደ ዕቃው እንድንመለስ ለመኑ። አድሚኑ 13ኛውንና 16ኛውን አጠፋቸው። 12ኛውን ለምን እንደተወው አልገባኝም።

18ኛው ወደ ንስሩ መለሰን፤ ለገጣፎ የሚኖር ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ፈታ ያለ። ንስሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባለ ሌላ ማዕረግ ምልክት ነው፤ ከእኛ ጋር ምንም አይነካካም። ዘመኑን የሚናገረው የንስሩ አንገት ነው። እስከ 1941 ድረስ፣ በፈረንጅ፣ የምልክቶቹ ንስር ወደ ተመልካቹ ቀኝ ይዞር ነበር። በ1941 ንስሩ ሁልጊዜ ወደ ለባሹ ፊት እንዲያይ ተወሰነ። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሙያ በቀኝ እጅጌ፣ ሌላው በግራ ስለሚለብስ ሁለት ዓይነት ንስር ሆነ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ወደ ግራ እጅጌ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ንስሩ የሚያየው ወደ ተመልካቹ ግራ ብቻ ነው። በአጭሩ፣ ወደ ተመልካቹ ቀኝ የሚያይ ንስር ያገኘ ሰው ከ1949 በፊት የሆነ ነገር ይዟል ማለት ነው። የልጁ ንስር ግን ወደ ግራ ያያል። ስለዚህ ከ1941 ወዲህ የትኛውም ጊዜ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ የመኮንኖች ኮፍያ ላይ ያለው ንስርም በዚያው በ1941 አንገቱን ማዞሩን ጨምሮ ነገረን።

19ኛው የአሜሪካ ምልክት ሰበታና ዓለም ገና ድረስ ምን አመጣው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ20ኛው መልስ ጋሼ ሁለት መንገድ አሳዩ። አንደኛው አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ነው፤ የሬዲዮ ጣቢያው የጦር ሠራዊቱ ይሁን እንጂ የባሕር ኃይል ሰዎችም ነበሩበት። ሁለተኛው በየዓመቱ ምጽዋ የሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ነው። ጃንሆይ ይመጣሉ፣ ምሩቃን ይሰለፋሉ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦች ወደቡ ላይ ይቆማሉ። ማታ ማታ መርከበኞች ምልክት ይለዋወጡ ነበር፤ ጋሼ ራሳቸው አንድ ሪባን በሲጋራ ለውጠዋል። ከማን እንደሆነ አልነገሩንም። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የእኛ መገኘቱ ፎርጅድ አያስብልም፤ አድሚራልም አያስብልም።

21ኛው ቀላል ፍተሻ አቀረበ። የሐሰት ብር መለያ ሐምራዊ መብራት ያለው ሱቅ ሂድና ዓርማውን ከሥሩ አድርገው አለው። ዛሬ የሚሠራ ብዙ ክርና ጨርቅ ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያለ ጨርቅ ይህ የለውም። 22ኛው ወዲያው አረመው፤ አንድም የዛሬ ክር ሁሉ አያበራም፣ ሁለትም በኦሞ የታጠበ አሮጌ ጨርቅ ቦግ ይላል። ኦሞው ውስጥ ያው ኬሚካል አለ። እዚህ አገር ደግሞ ምን ያልታጠበ ነገር አለ? ስለዚህ መብራቱ ብቻውን አይፈርድም፤ በሌላ ማስረጃ ሲደገፍ ነው የሚጠቅመው።

ልጁ ግን በዚያው ቀን ማታ ሱቅ ሄዶ ነበር። 23ኛው መልስ ውጤቱ ነው። የዓርማው ጨርቅ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ጥልፉም እንደዚሁ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ግን የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ስፌት ቦግ አለ። እኔ ይህን ፎቶ በጣም ወደድኩት። ጀርባው ላይ ካየነው ጋር ሲደመር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዓርማው አሮጌ ነው፣ በኋላ ግን አንድ ሰው ጠርዙን መልሶ ሰፍቶታል። 5ኛው ይህችን ስፌት ይዞ እንደገና ፎርጅድ አለ። ማንም አልመለሰለትም።

24ኛው ክሩን በእሳት መፈተን እንደሚሻል ጻፈ፤ ሱፍ ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ይቀልጣል። እውነት ነው። 25ኛው ግን ፊት ለፊት ያለ ክር የሚያቃጥል ሰው ዕቃ ሊሰጠው እንደማይገባ ጮኸ። ከውስጥ፣ ከተበጠሰው ጫፍ፣ አንዲት ክር ብቻ ከሆነ እኔም አልቃወምም።

ከዚያ ልጁ ሳያስበው ትልቁን ቦምብ ጣለ። ቁልፉ ስለጠቆረበት በሎሚና በአመድ አሽቶ እንዳሳመረው ጠቀሰ። 26፣ 27 እና 28 ተነሡበት። የጠቆረው ቆዳ የዕቃው ልደት ወረቀት ነው፤ 11ኛው ስለ ተፋቀው ዘውድ የነገረን ሁሉ የሚሠራው ያ ቆዳ ካለ ነው። ሎሚው ላዩ ላይ ከቀረ ደግሞ ነሐሱን ይበላዋል። 28ኛው ልጁን ደደብ አለው፤ ያ አስፈላጊ አልነበረም። የሰበታው የቁልፍ ሰው ገብቶ ነገሩን አበረደው። በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ በደንብ ማድረቅና ከዚያ አለመንካት ነው። ዘውዱና የሠሪው ስም እስካሉ ድረስ ቁልፉ አልሞተም። ስለ ሠሪ ስምም አንድ ነገር ጨመረ። ስሙ የት እንደተሠራ ይናገራል፤ መቼ የሚለውን የሚነግረን ድርጅቱ ስሙን የቀየረበት ዓመት ነው። ለምሳሌ ገበር ላይ ጊቭስ ብቻ የሚል የለንደን ልብስ ሰፊ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1974 በፊት ነው፤ በዚያ ዓመት ነው ከሆክስ ጋር ተዋህዶ ጊቭስ ኤንድ ሆክስ የሆነው።

29ኛው ለንደን የሚኖር ነው፤ ሳይጠየቅ ስለ እንግሊዝ መኮንኖች የእጅጌ መስመር ረጅም ጻፈ። አንብቤዋለሁ፤ ለሚሰበስብ ይጠቅማል። የበጎ ፈቃድ ተጠባባቂዎች መስመር የተጠማዘዘ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ቀረ። በመስመሮቹ መሃል ባለ ቀለም ጨርቅ ይገባ ነበር፤ ሐምራዊ ለመሐንዲስ፣ ነጭ ለሒሳብ፣ ቀይ ለሐኪም። በ1955 ከሐኪሞችና ከጥቂት ሌሎች በቀር ተነሣ። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የመርከበኛ ኮፍያ ሪባን ላይ የመርከቡ ስም ለምሥጢር ሲባል ጠፍቶ የግርማዊ ንጉሡ መርከብ የሚለው ምሕጻረ ቃል ብቻ ቀረ። ስም አልባ ሪባን ያገኘ ሰው ጎደለብኝ ብሎ እንዳይጥለው።

30ኛው ቁልፉ የጣልያን ነው ብሎ መጣ፤ ምጽዋ የጣልያን ነበረችና። 31ኛው ሳይሳደብ መለሰለት። የጣልያን ንጉሣዊ ዘውድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሪፐብሊኩ ሲመጣ ቀርቷል፤ የጣልያን ወታደር ዋና ምልክት ኮሌታ ላይ ያለችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ናት። ምጽዋን እንግሊዞች የያዟት በኤፕሪል 1941 ነው፤ ኤርትራንም እስከ 1952 አስተዳድረዋል። ስለዚህ የንጉሥ ዘውድ ያለው የእንግሊዝ ቁልፍ እዚያ ወድቆ መገኘቱ አይገርምም። ሁለቱም 1952 ላይ ማብቃታቸው ግጥምጥሞሽ ነው፤ ለልጁ ቁልፍ ግን ልክ መጣለት።

32ኛው ስለ አንበሳ ነው። ኖርዌዮች ባሕር ኃይሉን ሲያደራጁ ስለነበሩ የኖርዌይ ምልክት አልፎ አልፎ ይገኛል። የነሱም አንበሳ ዘውድ ደፍቷል። ልዩነቱ የነሱ አንበሳ በኋላ እግሩ ቆሞ መጥረቢያ ይዟል፤ ሞዓ አንበሳ ደግሞ በአራት እግሩ ሲራመድ በአንዱ ባለ መስቀል በትር ያነሣል። የእኛም አንበሳ ዘመን ይናገራል። ከ1967 በኋላ መጀመሪያ ዘውዱን አጣ፣ የበትሩ መስቀልም ወደ ጦር ጫፍ ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ተነሣ። ዘውድ የሌለው ግን ያልተፋቀ አንበሳ ያለው ምልክት ያላችሁ ካላችሁ አትሽጡት።

33ኛው መልሕቅ ያለው ሁሉ ባሕር ኃይል አለመሆኑን አስታወሰ። የንግድ መርከብ ሠራተኛም መልሕቅ ያለው ቁልፍ ይለብሳል፤ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብም ነበረን። የሆቴል ዘበኛና የሰልፍ ባንድም እንደዚሁ። 34ኛው የደርግ ጊዜውን ነካ። ከሶቪየት ጋር ከተወዳጀን በኋላ የመጡትን ምልክቶች ከጀርባቸው መለየት ይቻላል፤ ብዙዎቹ በመርፌ አይያያዙም፤ ብሎን አላቸው፣ በክብ ዳዶ ይጠብቃሉ። ዳዶው የጠፋበት ብዙ ነው፤ ሰዎች በኤሌክትሪክ ዳዶ ይተኩታል። ኮከብ ያለው መልሕቅ፣ ብሎንና ዳዶ፤ እነዚህን ይዞ የጃንሆይ ነው የሚላችሁን አትስሙት። ባሕር ኃይሉ ከ2010 ወዲህ እንደገና መቋቋም ስለጀመረ አዳዲስ መልሕቆችም ገበያ ሊገቡ እንደሚችሉ አከለ።

35ኛው ስለ አቀማመጥ ነው፤ የሱሉልታዋ እህታችን ተመልሳ። ከተማ ዳር ክረምቱ ከባድ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ውስጡ ያልበዋል። ሱፉን ብል ይበላዋል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ናፍታሊን ቢኖርም ወርቀ ዘቦውን እንዳይነካ ማራቅ። ፕላስቲክ ውስጥ አለማሸግ። 36ኛው ወደ ውጭ ልሽጠው ላለ ሰው ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ፣ በ1992 የወጣ አዋጅ እንዳለ አስታወሰ። 2ኛው መልስ ሰጪ እዚህ ላይ ጠፋ። የሚገርም ነው።

37ኛው መልስ የልጁ ነው። ቆራሌውን እንደገና አግኝቶታል። ቆርቆሮውን የሸጡለት አንዲት እናት እንደሆኑ፣ ንስሩን ግን ከሌላ ቤት ከአሮጌ ኮት ላይ ቀድዶ እዚያው ውስጥ እንደጨመረው ነገረው። አድሚራሉንስ? ያን ልጁ ሲገዛ በጣም ስለተደሰተ ብሎ ነው። እኔ በቆራሌው አልፈርድም፤ ወሬ ዋጋ እንደሚያወጣ ከኛው ነው የተማረው።

ጋሼ ዓርማውን በእጃቸው ማየት ፈልገዋል፤ ልጁ ቅዳሜ ቃሊቲ ይዞላቸው ይሄዳል። የሰበታው ሰው ቁልፉን በአንድ የሶቪየት ቀበቶ ማሠሪያ ለመለወጥ ጠይቋል። ልጁ ገና አልመለሰለትም። 5ኛው ቀበቶውም ፎርጅድ ነው ብሏል፤ ፎቶው ገና አልተለጠፈም።